ሰርቨሩ ተነሳ፣ ማጥፊያውስ የት ነው? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ሰዎቹ አይተዋወቁም፣ የሚሰሩበት ቋንቋም ይለያያል፣ ግን ሁሉም በፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ (ፕሮግራምን ግብዓት ተቀብለው ውጤት በሚመልሱ ፈንክሽኖች የመገንባት ዘይቤ) ዌብ ሰርቨር (ሪኩዌስት የሚባል ጥያቄ እየተቀበለ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) ጽፈው ማስነሳቱ ቀሎአቸው ማጥፋቱ ላይ የተያዙ ናቸው፣ ስለዚህ ሌሎቹን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ እነዚህን አንድ ላይ ልመልስ። ቦታ እንዲበቃ ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ይቅርታ።

«ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። ክሎጁር የሚባለውን ፈንክሽናል ቋንቋ ከጀመርኩ ሶስት ወሬ ነው። ሪንግ የሚባለውን ላይብረሪና ጄቲ የሚባለውን ሰርቨር ተጠቅሜ ትንሽ ሰርቨር ሰራሁ፣ ሬፕል (ኮድ እየጻፉ ወዲያው የሚያስኬዱበት መስኮት) ላይ ሳስነሳው ግን ሬፕሉ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ምንም መጻፍ አልችልም። አንድ ልጅ ፊውቸር ውስጥ ክተቺው አለኝ፣ ከተትኩት፣ ሬፕሉ ተመለሰልኝ፣ አሁን ደግሞ ማጥፋት አቃተኝ። ድጋሚ ላስነሳ ስል ፖርቱ (ሰርቨሩ የሚያዳምጥበት የበር ቁጥር) ተይዟል ይለኛል። በቀን ሃያ ጊዜ ሬፕሉን ዘግቼ እከፍታለሁ። ሌላ መንገድ የለውም?» ከአዲስ አበባ

አለው እህቴ፣ ቀላልም ነው፣ ግን መጀመሪያ ምን እየሆነ እንዳለ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ካላወቅሽው ነገ በሌላ ላይብረሪ ይመጣብሻል።

ረን-ጄቲ የሚባለው ፈንክሽን ሲጠራ ሁለት ስራ ነው የሚሰራው። ሰርቨሩን ያስነሳል፣ ከዛ የጠራውን ስሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የስራ መስመር) ሰርቨሩ እስኪዘጋ ድረስ እዛው ያስጠብቀዋል። አንቺ የጠራሽው ከሬፕል ስለሆነ እየጠበቀ ያለው የሬፕልሽ ስሬድ ነው፣ የተበላሸ ነገር የለም። ልጁ ፊውቸር ውስጥ ክተቺው ሲልሽ መጠበቁን ወደ ሌላ ስሬድ አዛወረልሽ፣ ግን ረን-ጄቲ አሁንም እዛ ሆኖ እየጠበቀ ስለሆነ ገና ምንም አልመለሰም፣ ስለዚህ የሰርቨሩ ኦብጀክት እጅሽ አልገባም። ሰርቨሩ አለ፣ ፖርቱ ላይ ተቀምጧል፣ አንቺ ግን የምትጠሪበት ስም የለሽም። ቁልፉን ውስጥ ትተሽ በሩን እንደመዝጋት ነው።

መፍትሄው ጆይን የምትባለውን ኦፕሽን ፎልስ ማድረግ ነው (ስሟ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ፣ እሱን እንዳትረሺ)። ያኔ ረን-ጄቲ ሰርቨሩን አስነስቶ ወዲያው ይመለሳል፣ የሚመልስልሽም ራሱን ሰርቨሩን ነው፣ እሱን ያዢው። ማጥፋት ስትፈልጊ ስቶፕ የሚለውን የጃቫ ሜተድ እሱ ላይ ትጠሪያለሽ፣ ፖርቱ ይለቀቃል፣ በቃ።

የት ልያዘው ካልሽ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፋይሉ አናት ላይ ዴፍ ብለሽ ሰርቨሩን እዛው ካስነሳሽው ፋይሉን ሪሎድ ባደረግሽ ቁጥር ሌላ ሰርቨር ሊነሳ ይሞክራል፣ የድሮው ፖርቱን ስላልለቀቀ ያው የፖርት ኤረር ይመጣል። ፋይል ሲነበብ በራሱ የሚነሳ ሰርቨር አትጻፊ። ስታርትና ስቶፕ የሚባሉ ሁለት ተራ ፈንክሽኖች ይኑሩሽ፣ ስታርት ኮንፊግ ተቀብሎ ሰርቨሩን ይመልሳል፣ ስቶፕ ያንኑ ሰርቨር ተቀብሎ ይዘጋል፣ ሁለቱም ምንም ግሎባል ነገር አይነኩም። ለሬፕል ስራሽ ብቻ ደግሞ በዴፍዋንስ የተሰራ አንድ አተም (ውስጡ ያለው ሊቀየር የሚችል ማስቀመጫ) ያዢና ስታርት የመለሰውን እዛ ውስጥ አስቀምጪ፣ ዴፍዋንስ ፋይሉ ሪሎድ ቢደረግም የድሮውን ስለማይነካው ማጥፊያሽ አይጠፋብሽም።

ኤችቲቲፒ-ኪት የሚባለው ሰርቨር ይሄን ሀሳብ በጣም በሚያምር መንገድ ነው የሰራው። ሰርቨሩን ስታስነሺ የሚመልስልሽ ፈንክሽን ነው፣ ያቺን ፈንክሽን ስትጠሪያት ሰርቨሩ ይጠፋል፣ ታይምአውት በሚሊሰከንድ ከሰጠሻት ደግሞ የተጀመሩ ሪኩዌስቶች እስኪያልቁ እስከዛ ድረስ ትጠብቃለች። እኔ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግን ለሰው ሳስተምር ሁሌ ይሄን ነው የማሳየው፣ ማጥፊያው እንደማንኛውም ቫልዩ እጅሽ ላይ ያለ፣ ለሌላ ፈንክሽን የምትሰጪው፣ ማፕ ውስጥ የምታስቀምጪው ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ምናልባት ከሁሉም በላይ ጊዜሽን የሚቆጥብልሽ እሱ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ የምታስነሺው ሀንድለሩን (ሪኩዌስት ሲመጣ መልሱን የሚሰራውን ፈንክሽን) ስለምትቀይሪ ይመስለኛል። ሀንድለሩን ለጄቲ ስትሰጪው ከስሙ ፊት #' አድርጊበት። ያኔ የምትሰጪው ፈንክሽኑን ራሱን ሳይሆን ቫሩን (ስሙ የተያያዘበትን መያዣ) ነው፣ ሪኩዌስት በመጣ ቁጥር ቫሩ ውስጥ አሁን ያለው ፈንክሽን ይጠራል፣ ስለዚህ ሀንድለሩን ቀይረሽ ኢቫሉዌት ስታደርጊው ሰርቨሩን ሳትነኪ ለውጡ ይታያል።

«እንደምን አለሽ። ተማሪ ነኝ። ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ላይ ፈንክሽን የውጪውን ዓለም አይነካም ተብለን ተማርን፣ ሰርቨር ደግሞ ስራው በሙሉ ውጪውን መንካት ነው፣ ፖርት ይከፍታል፣ ዳታቤዝ ያናግራል፣ ይዘጋል። ታዲያ በፈንክሽናል ቋንቋ ሰርቨር መጻፍ ራሱ ህጉን መጣስ አይደለም ወይ?» ከጅማ

ጥያቄህ ትክክለኛ ነው ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ነው የሚያልፈው። ህጉ የውጪውን ዓለም አትንካ የሚል አይደለም፣ የምትነካበትን ቦታ ለይተህ አስቀምጥ ነው። ሪንግ ላይ ሀንድለር ማለት የሪኩዌስት ማፕ ተቀብሎ የሪስፖንስ ማፕ የሚመልስ ፈንክሽን ነው፣ እሱን ያለ ምንም ሰርቨር ቁጭ ብለህ ቴስት ማድረግ ትችላለህ። ፖርት መክፈትና መዝጋቱ ዳር ላይ ያለ ቀጭን ነገር ነው።

ዳር ላይ ያለውንም ቢሆን ሀስኬልና ስካላ የሚባሉት ቋንቋዎች የያዙበት መንገድ ልብ ብለህ እየው። ሀስኬል ላይ ብራኬት የሚባል ፈንክሽን አለ፣ ሶስት ነገር ይቀበላል፦ እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚዘጋ፣ በመሀል ምን እንደሚሰራበት። በመሀል ኤክሴፕሽን (ስራውን የሚያቋርጥ ስህተት) ቢነሳም መዝጊያው ይሰራል። ስካላ ላይ ካትስ ኢፌክት የሚባለው ላይብረሪ ውስጥ ሪሶርስ የሚባል ታይፕ አለ፣ እሱ ደግሞ መክፈቻና መዝጊያውን አንድ ላይ የያዘ መግለጫ ነው። መግለጫ ነው ያልኩህ ገና ምንም ስላልተከፈተ ነው፣ ዩዝ እስክትል ድረስ ፖርትም ዳታቤዝም የለም። የዳታቤዙን ሪሶርስና የሰርቨሩን ሪሶርስ በፍላትማፕ ትገጥማቸዋለህ፣ የተገጠመው ነገርም ሪሶርስ ነው፣ ሲዘጋ በተከፈተበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይዘጋል፣ ይሄን አንተ ሳትጽፈው ነው የምታገኘው። ኤችቲቲፒፎርኤስ የሚባለው ላይብረሪ የኤምበር ሰርቨሩን ስትገነባ የሚሰጥህ እንዲህ ያለ ሪሶርስ ነው። ስለዚህ ህጉ አልተጣሰም፣ መንካቱ ራሱ ቫልዩ ሆነ።

«ጤና ይስጥልኝ። ቡድናችን የክፍያ ሲስተም በክሎጁር ይሰራል፣ ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽን ላይ የሚያስነሳና የሚያጠፋ ሲስተም) ላይ ነው ያለው። አዲስ ቨርዥን ባወጣን ቁጥር የተወሰኑ ሪኩዌስቶች ይወድቃሉ፣ ሎጉ ላይ የዳታቤዝ ፑሉ (የተከፈቱ ኮኔክሽኖች ስብስብ) ተዘግቷል የሚል ኤረር ነው የምናየው። ሰርቨሩንም ፑሉንም የሚዘጋ የሻትዳውን ሁክ (ፕሮግራሙ ሲዘጋ የሚጠራ ኮድ) አስገብተናል፣ ለሁለቱም ለየብቻ። ምን ቀረን?» ከዋሽንግተን ዲሲ

ጤና ይስጥልኝ። ችግሩን ደብዳቤዎ ውስጥ ራስዎ ጽፈውታል፣ «ለየብቻ» የሚለው ነው። ጄቪኤም (ክሎጁር የሚሄድበት የጃቫ ማሽን) ሲዘጋ የተመዘገቡትን የሻትዳውን ሁኮች በሙሉ እኩል ያስነሳቸዋል፣ ማን ቀድሞ ይጨርሳል የሚል ምንም ቃል አይሰጥም። ስለዚህ የሰርቨሩ ሁክ ሪኩዌስቶቹን እየጠበቀ እያለ የፑሉ ሁክ ደግሞ ኮኔክሽኖቹን እየዘጋቸው ነው፣ ሪኩዌስቱ ግማሽ ላይ ዳታቤዙን ሲጠራ ያጣዋል። አንዳንድ ጊዜ ሰርቨሩ ቀድሞ ይጨርስና ምንም አይታይም፣ ለዛ ነው ሁሌ የማይሆነው፣ ለዛም ነው ለማግኘት የሚያስቸግረው።

ሁኩ አንድ ብቻ ይሁን። እሱም አንድ ስራ ብቻ ይስራ፣ ሲስተሙን በሙሉ የሚያጠፋውን ፈንክሽን ይጥራ። ክሎጁር ላይ ለዚህ ኢንተግራንት የሚባለውን ላይብረሪ እመክራለሁ። ኮምፖነንት የሚባለው ከሱ የቀደመ ነው፣ እሱም ጥሩ ነው፣ ኢንተግራንትን የምመርጠው ሲስተሙ በሙሉ አንድ ማፕ ላይ ስለሚጻፍ ነው፣ ማን በማን ላይ እንደቆመ ከኮንፊጉ ይነበባል። ለእያንዳንዱ ክፍል ኢኒት-ኪ ላይ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሆልት-ኪ ላይ እንዴት እንደሚጠፋ ይጽፋሉ፣ ሰርቨሩ ሀንድለሩን ይፈልጋል፣ ሀንድለሩ ፑሉን ይፈልጋል ብለው ሬፍ ያደርጋሉ፣ ከዛ በኋላ ሲነሳ ፑሉ ቀድሞ ይነሳል፣ ሲጠፋ ሰርቨሩ ቀድሞ ይጠፋል። እርስዎ ቅደም ተከተሉን በእጅ አይጽፉትም፣ ባይጻፍ ነው የሚሻለው፣ በእጅ የተጻፈ ቅደም ተከተል ሰው አዲስ ነገር ባስገባ ቁጥር ይበላሻል።

ጄቲን የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ ይጠንቀቁ፣ ስቶፕ ስላሉት ብቻ የተጀመሩ ሪኩዌስቶችን ጠብቆ ይዘጋል ብለው አይተማመኑ፣ እንዲጠብቅ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፣ ከዛም ሆን ብሎ አስር ሰከንድ የሚቆይ ሪኩዌስት ልከው በመሀል አጥፍተው መልሱ መድረሱን በአይንዎ ይዩ።

ይሄን አጥብቄ የምለው በራሴ የደረሰ ስለሆነ ነው። ከዓመታት በፊት በሰራሁበት አንድ ቦታ ልክ እንደናንተ የክፍያ ሲስተም ነበረን፣ ዲፕሎይ ስናደርግ አንዲት ሪኩዌስት ገንዘቡን ከቀነሰች በኋላ ደረሰኙን ሳትጽፍ ተቆረጠች። ሰውየው ገንዘቡ ወጥቷል፣ እኛ ጋ ግን የከፈለበት ነገር የለም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲደውል እኛ ሲስተሙ ላይ አይታይም እያልን መለስነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ሰርቨር ማጥፋት ለኔ የኮዱ ዋና ክፍል ሆነ፣ ከሁሉም በኋላ የሚጨመር ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

አሁን ወደ ኩበርኔቲስ። ፖድ (የፕሮግራሙ አንድ ቅጂ የሚሄድበት ክፍል) ሲዘጋ ሲግተርም (ዝጋ የሚል ሲግናል) ይላካል፣ ከዛ በዲፎልት 30 ሰከንድ ይጠበቃል፣ ካልጨረሰ ሲግኪል (በግድ የሚገድል ሲግናል) ይመጣል፣ እሱን ደግሞ ማንም ፕሮሰስ ሊይዘው አይችልም። ሰዎች የማያዩት ነገር ፖዱ ከሰርቪሱ ዝርዝር (ሪኩዌስት ከሚላክላቸው ፖዶች መዝገብ) የሚወጣበትና ሲግተርም የሚላክበት ጊዜ እኩል የሚሄዱ መሆናቸውን ነው፣ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ሰርቨራችሁ ሲግተርም እንደደረሰው ፖርቱን ከዘጋ፣ ዝርዝሩ ገና ያልደረሰው ወገን አዲስ ሪኩዌስት ይልክበትና በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ለዚህ ነው ፕሪስቶፕ (ከሲግተርም በፊት የሚሰራ ትእዛዝ) ላይ ጥቂት ሰከንድ መተኛት የሚገባው፣ አምስት ወይ አስር። እሱም ከ30ው ላይ ነው የሚቀነሰው፣ ስለዚህ አስር ሰከንድ ከተኙ ለሪኩዌስቶቹ መጠበቂያ የቀረዎት 20 ሳይሞላ ነው፣ የሰርቨሩን ታይምአውት 15 ያድርጉትና ለፑሉ መዝጊያ ትንሽ ይትረፍ። ወይ ጠቅላላውን ከፍ ያድርጉት፣ ይቻላል።

ፕሮሰሱ 143 በሚል ኮድ ቢወጣ አይደንግጡ፣ 128 ላይ የሲግተርም ቁጥር 15 ተደምሮ ነው። 137 ካዩ ግን 128 እና 9 ነው፣ ሲግኪል ነው፣ ወይ ጊዜው አልበቃችሁም ወይ ሜሞሪ አልቋል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም መብራት ሲጠፋ ሲግተርም የሚልክልን የለም። በሰላም ማጥፋት የትራንዛክሽንን ቦታ አይተካም፣ ገንዘብ መቀነሱና ደረሰኝ መጻፉ አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁኑ፣ አንድ ክፍያ ሁለቴ ቢላክም አንዴ ብቻ እንዲቆጠር መለያ ቁጥር ይኑረው። እኛ ያን ጊዜ እሱ ቢኖረን ሰውየው ሁለት ቀን አይደውልም ነበር።

«ሰላም እህታችን። ሀስኬል ላይ ዋርፕ በሚባል ላይብረሪ የሰራሁት ሰርቨር አለ፣ ዳታቤዙን በብራኬት ነው የከፈትኩት። ላፕቶፔ ላይ ኮንትሮል ሲ ስጫን መዝጊያው ይሰራል፣ ዶከር (ፕሮግራምን በኮንቴይነር ለይቶ የሚያስኬድ መሳሪያ) ውስጥ ሳስቆመው ግን አስር ሰከንድ ይቆይና ድንገት ይሞታል፣ መዝጊያው አይሰራም። ብራኬት ሁሌም ይዘጋል አልነበር የተባለው?» ከመቀሌ

ብራኬት ኤክሴፕሽን ሲነሳ ይዘጋል፣ ወንድሜ፣ አንተ ጋ ግን ኤክሴፕሽን አልተነሳም። ኮንትሮል ሲ ስትጫን የሚላከው ሲግኢንት ነው፣ የጂኤችሲ (የሀስኬል ኮምፓይለር) ራንታይም እሱን ይይዝና ሜይን ስሬድ ላይ ኤክሴፕሽን አድርጎ ይወረውረዋል፣ ብራኬትህም ይሰማዋል። ሲግተርምን ግን ራንታይሙ በራሱ አይዝልህም። ተራ ማሽን ላይ ቢሆን ፕሮሰሱ ወዲያው ይሞት ነበር፣ መዝጊያው ሳይሰራ። ዶከር ውስጥ ደግሞ ፕሮሰስህ ቁጥር 1 ነው፣ ሊኑክስ ላይ ፕሮሰስ ቁጥር 1 ራሱ ሀንድለር ያላስቀመጠለትን ሲግተርም ከርነሉ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ስለዚህ ዶከር ስቶፕ 10 ሰከንድ ጠብቆ በሲግኪል ይጨርሰዋል። አስሩ ሰከንድ እሱ ነው።

ኮንቴይነሩ በሼል ስክሪፕት የሚነሳ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፣ ቁጥር 1 ሼሉ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ሲግናሉን ለልጁ አያስተላልፍም። ስክሪፕቱ መጨረሻ መስመር ላይ ከፕሮግራሙ ስም ፊት ኤክሴክ ጨምርበት፣ ሼሉ ቦታውን ለፕሮግራምህ ይለቃል።

ከዛ ዋርፕ ሴቲንግ ላይ ሻትዳውን ሀንድለር የሚያስቀምጥ ፈንክሽን አለ፣ ዋርፕ እዛ ጋ የሚያዳምጥበትን ሶኬት የሚዘጋ አክሽን በእጅህ ይሰጥሃል። አንተ የሲግተርም ሀንድለር አስቀምጠህ ሲግናሉ ሲመጣ ያንን አክሽን ብቻ ጥራ። ሶኬቱ ሲዘጋ ዋርፕ አዲስ ሰው መቀበል ያቆማል፣ የተጀመሩትን ይጨርሳል፣ ከዛ ረን ያልከው ፈንክሽን በሰላም ይመለሳል፣ እሱ ሲመለስ ብራኬቱ ያልቅና ዳታቤዙ ይዘጋል። ሀንድለሩ ውስጥ ዳታቤዙንም ልዝጋ ብለህ እንዳታስገባ፣ ከላይ ለዲሲው አንባቢ የነገርኳቸው ችግር ራሱ ይመጣብሃል። ዋርፕ በዲፎልት የተጀመሩትን ያለ ገደብ ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚህ የግሬስፉል ሻትዳውን ታይምአውቱን በሰከንድ ስጠው፣ ዶከር በ10 ስለሚቆርጥህ ከዛ በታች፣ ሰባት ስምንት ይበቃል።

«ሰላም። እዚህ ስቶክሆልም ኤልክሲር በሚባል ቋንቋ ነው የምንሰራው። ጄንሰርቨር (ጥያቄ እየተቀበለ የሚሰራ የኤልክሲር ፕሮሰስ) ላይ ተርሚኔት የሚባለውን የመዝጊያ ፈንክሽን ጽፌ አፑ ሲጠፋ አይጠራም። ለምን?» ከስዊድን

ከኤርላንግ (ኤልክሲር የቆመበት ቋንቋ) ከተማ ስለጻፍሽልኝ ደስ ብሎኛል፣ ኤሪክሰን ውስጥ በ1986 የተጀመረው እዛው ነው፣ ማስነሳትና ማጥፋትን እንደነሱ አስቀድሞ ያሰበበት ያለ አይመስለኝም።

ሱፐርቫይዘሩ (ሌሎች ፕሮሰሶችን የሚያስነሳና የሚያጠፋ ፕሮሰስ) ፕሮሰሱን ሲያጠፋው የሚልከው የኤግዚት ሲግናል ነው፣ ፕሮሰሱ ትራፕ ኤግዚትን ካላበራ ተርሚኔት ሳይጠራ እዛው ያልቃል። ኢኒት ውስጥ ፍላጉን ትሩ አድርጊው፣ ይጠራል። ለወርከር የሚሰጠው ጊዜ በዲፎልት 5000 ሚሊሰከንድ ነው፣ ከዛ ካለፈ በግድ ይገደላል፣ ስራሽ ከዛ የሚረዝም ከሆነ ቻይልድ ስፔኩ ላይ ከፍ አድርጊው። ሲግተርሙን ራሱ ቪኤሙ (ኤልክሲር የሚሄድበት ማሽን) ይዞ ኢኒት ስቶፕን ስለሚጠራልሽ እሱ ላይ አትድከሚ።

አፕሊኬሽን ፋይልሽ ላይ ያለውን የችልድረን ዝርዝር ግን ዛሬውኑ ክፈቺና እዪው። ሱፐርቫይዘር ከላይ ወደ ታች ያስነሳል፣ ከታች ወደ ላይ ያጠፋል። ፊኒክስ (የኤልክሲር ዌብ ፍሬምወርክ) አዲስ ፕሮጀክት ሲሰራልሽ ሪፖውን (ዳታቤዝ የሚያናግረውን) ከላይ፣ ኤንድፖይንቱን (ሪኩዌስት የሚቀበለውን) መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው፣ በመሀል የሆነ ሰው አዲስ ወርከር ከኤንድፖይንቱ በታች ጨምሮ ከሆነና ሪኩዌስቶቹ እሱን የሚጠሩ ከሆነ፣ ሲጠፋ እሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ ወደ ላይ አውጪው።